የጠበበ ወንፊት

ፊንላንድ፣ ወንዝ ከባሕር በሚደርስበት፣
በረዶ የተጫናት አንዲት ትንሽ ከተማ አለች፤
ገና ከእንቅልፏ ሳትነቃ ውሃ ትለቃለች፣
ማታ የበላችውን ለቱቦ ታስረክባለች።
ከቱቦው ጫፍ ሲርካ፣ በሌሊቱ ፈረቃ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ቆማለች ጠብቃ፤
«ሆድ ይፍጀው» ተብሎ ሆድ ያልፈጀውን ዕቃ
በብልቃጥ ትቀዳለች፣
ትመዝናለች፣
የአገሩን ገበና ታነባለች፦
ማን ክኒን እንደ ዋጠ፣ ማን ድግስ እንደ ደገሰ።
ማን ብቻውን እንዳለቀሰ
ግን አይታወቅም፤
ቅጹ ላይ ለእንባ የተተወ ቦታ የለም።

ጋኖቹ ይሞቃሉ፤ ሆዳቸው ይጮኻል፤
እንደ ጥንስስ ይብላላል፣ አረፋ ይደፍቃል።
የድንች ልጣጭ ከሆቴል፣ ከትምህርት ቤት የተረፈ ሾርባ፣
ከመቃብር ስፍራ የተለቀመ የጠወለገ አበባ፣
ከዚያኛው ጋር ይደባለቃል፣ ስሙን ከማልጠራው፤
ጋዙ ለመብራት ይሄዳል፤ ደርቆ የሚቀረው
ጥቁር አዝሙድ ይመስላል፣ ለእፍኝ ይመቻል፤
ሽታው? ዝናብ ያባራበት ደን ነው፤ ይለመዳል።

ኦይቫ በየጸደዩ ተጎታች አስሮ ይመጣል፣
ለአጃው ማሳ፣ በነጻ፣ ተዝቆ ይጫንለታል።
«አባቴ» ይላል፣ «ከጦር ሰፈር
በባልዲ ሲያመላልስ፣ ላቦራቶሪው አፍንጫው ነበር።»

ዘንድሮ ግን ደንቡ ጠበቀ።
የካድሚየሙ ልክ በግማሽ ወረደ፤
ከሠንጠረዡ ጠርዝ አዲስ ዓምድ ተወለደ፦
የማይበሰብሰውን፣
ዝናብ ከካፖርት ላይ የሚያንከባልለውን፣
እንቁላል ከመጥበሻ የሚያላቅቀውን፣
እሱን ፈልጉ፤ ከቢሊዮን አንዱን።

ፈለገች። አገኘች። በፀጉር ቅጥነት ከልኩ አልፏል።
ዝቃጩ ያው የትናንቱ ነው፤ ምን ተለውጧል?
አልከፋ፣ አልረከሰ፤
ወንፊቱ ነው የጠበበ፣
ዓይናችን ነው አርፍዶ የደረሰ።

ጥርን ሙሉ የጉድጓድ ክዳን በዲጂኖ እየፈነቀለች
ቱቦውን ተከትላ ሽቅብ ወጣች።
ልብስ ማጠቢያው ንጹሕ፤ ቀለም ፋብሪካው ደኅና፤
ወደ ደኑ በሚታጠፈው መስመር ቁጥሩ ጨመረ፤ እንደገና
ጨመረ፤ ሄዶ ሄዶ የቆመው
የበረዶ ሸርተቴ ክበብ፣ ሰም ከሚቀለጥበት ክፍል ሥር ነው።
ሸርተቴው እንዲፈጥን የሚቀባው ሰም!
ይህን ቅኔ የሚፈታ ሊቅ አያስፈልግም፤
ሰሙ በሸርተቴ ወርዶ፣ በቱቦ ዞሮ መጥቶ
ወርቁን ገደለው፣ ጋን ውስጥ ገብቶ።

ከግድግዳው ላይ ፎቶ አለ፦ ላህያ፣ የሲርካ ልጅ፣
አሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ጥርሷ ብረት የታሰረ፣ ዋንጫ በእጅ።
የዚያን ቀን ሰሙን በካውያ ያቀለጠች፣
ትርፉን ፍቃ ወለሉን ያጠበች
እናቷ ነበረች።
ውሃው የት እንደሚሄድ ከእሷ በላይ ማን ያውቅ ነበር?

ሚያዝያ። ኦይቫ ከግቢው ቆሟል፣ ሞተሩን አላጠፋም።
ክምሩ ለማቃጠያ ሊሄድ ነው፤ ጨረታው ወጥቷል።
አነበበችለት። አልተቆጣም።
አንድ እፍኝ ዘገነ፤ አሸተተ፤ ወደ ክምሩ መለሰ።
«የዘንድሮው ካለፈ ከልኩ፣
ያ ሁሉ ዓመት የበተንኩት፣ ማሳዬ ላይ ያለውስ፣
ስንት ነው ልኩ?»

ዓምዶቹን አየች። ለዚህ የሚሆን የለም።
ቦቲ ጫማ አጠለቀች፤ አካፋና ብልቃጥ ያዘች፤
ከጋቢናው፣ ከጎኑ ወጣች።
በመንገዱ ዳር በረዶው ሸሽቶ፣ አፈር እዚህም እዚያም ታይቷል።
ባዶው ተጎታች ከኋላቸው ይንኳኳል።